አቻ ብትቀበል ኖሮ

አንድ ሙስሊም የተሸነፈበትን የቼዝ ጨዋታ ወረቀት ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይገባል። መግሪብ ሰግዶ ሰሌዳውን ይዘረጋል። «እዚህ ጋ ፈረሱን ባላነሣ ኖሮ»፣ «እዚያ ጋ ንግሥቷን ባልለውጥ ኖሮ» እያለ ያመሻል። ይህ ሰው የያዘው ሥራ ምን ይባላል? ነፍሱን እየተሳሰባት ነው ወይስ ከአላህ ውሳኔ ጋር እየተሟገተ?

ጥያቄው የጎረቤቴ የሼኹ ነው። እሳቸው ቼዝ አይወዱም፤ ለዚህም ከበቂ በላይ ማስረጃ አላቸው። ኢማም ሻፊዒ ቁማር ካልገባበት፣ ሶላት ካላሳለፈና ምላስን ካላበላሸ ጨዋታውን ከመጥላት አልፈው ሐራም አላሉትም ይባላል፤ የሌሎቹ መዝሀቦች ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ ይከለክላሉ። ሼኹ በዚህ አያስጨንቁኝም። የሚቆረቁራቸው ሌላ ነው። «መጫወቱንስ ተጫወት፤ ያለቀውን ጨዋታ ሌሊት መቆፈሩ ግን ምን ይሉታል? ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ‹እንዲህ ባደርግ ኖሮ› ማለትን ከልክለው የለም እንዴ?» ይሉኛል።

ከልክለዋል። ሐዲሱን ያስተላለፉት አቡ ሁረይራ ናቸው፤ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። መልእክቱን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ሙእሚን የሚጠቅመውን ነገር አጥብቆ ይሻ፣ በአላህ ይታገዝ፣ አይስነፍ፤ ከዚህ በኋላ አንዳች ቢደርስበት «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያለ አይብሰልሰል፣ የሆነው በአላህ ውሳኔ መሆኑን ይቀበል፤ ያ ብስልስል ለሸይጧን በር ይከፍታልና። እኔ ለሼኹ የምመልስላቸው ከዚያው ከሐዲሱ ቅደም ተከተል ተነሥቼ ነው። «አባባ፣ ክልከላው የመጣው በሁለተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የታዘዝነው መትጋትንና አለመስነፍን ነው። የጠፋበትን ምክንያት የማያጣራ ሰው ለነገ በምን ይተጋል?» ኢማም ቡኻሪም በሶሒሓቸው «ኖሮ» ማለት የሚፈቀድበትን ሁኔታ የሚመለከት ራሱን የቻለ ባብ (ምዕራፍ) አላቸው። ነቢዩ ራሳቸው በመሰናበቻው ሐጅ፣ በኋላ ያወቁትን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ የመሥዋዕት እንስሳ ይዘው ባልመጡ እንደነበር መናገራቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ያለፈውን መልሶ ማሰብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተከለከለ፣ ሌላው የታዘዘ ነው። ሁለቱን የሚለየው መስመር የት ላይ እንደሚሰመር እኔን ያስተማረኝ ቼዝ ነው።

ኑሮዬ በቡና ቅምሻ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራ፣ ከማና የመጣ ናሙና ስቀምስ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የአማተሮች ውድድር ካለ ደግሞ እመዘገባለሁ። እዚሁ ጅማ ከተጫወትኳቸው ሁለቱን ላንሣ።

በአንደኛው ነጭ ነበርኩ። ተጋጣሚዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ንጉሡን በአጭሩ ካስል አድርጎ ተመቻችቷል። በቢሾፔ ኤች7 ላይ ያለውን ወታደር በላሁና ቼክ አልኩ፤ ንጉሡ ቢሾፔን በላ፤ ፈረሴ ጂ5 ላይ ገብቶ ዳግም ቼክ አለ። ልጁ ደንግጦ ንጉሡን ወደ ጂ8 መለሰ። ንግሥቴ ኤች5 ላይ ስትወጣ ነገሩ አለቀ። ይህ መሥዋዕት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢጣሊያዊው ጆአኪኖ ግሬኮ እ.ኤ.አ. በ1620 ገደማ በማስታወሻዎቹ አስፍሮታል። የከበቡን ሰዎች ግን ገና ዛሬ የተፈጠረ ይመስል አጨበጨቡ።

በሁለተኛው ጥቁር ነበርኩ። ተጋጣሚዬ ከአጋሮ የመጡ የቡና ነጋዴ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ያንኑ እንቅስቃሴ እየደጋገሙ አቻ እንድንወጣ መንገዱን ጠረጉልኝ። እኔ ሰሌዳውን ስቃኘው የእሳቸው ቢሾፕ በገዛ ወታደሮቹ ታፍኗል፤ የእኔ ፈረስ ዲ4 ላይ ማንም የማይነቀንቀው ሥፍራ ይዟል። ረዘም አድርጌ አሰብኩና ድግግሞሹን ሰበርኩ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሰዓት አጠረኝ፤ በወታደር ሩጫ በአንድ እርምጃ ተቀድሜ እጅ ሰጠሁ። ከዚያ ጀምሮ ፈረንጅ አራዳ ቡና ለመጠጣት በተቀመጥኩ ቁጥር የሚቀበለኝ ሰላምታ አንድ ነው፦ «አቻ ብትቀበል ኖሮ!»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመረምር ሰዎቹ የጮኹበት ቦታ ተገለባብጦ አገኘሁት። ባሸነፍኩበት ጨዋታ ተማሪው ንጉሡን ወደ ጂ6 ቢያወጣው ኖሮ ጥቃቴ ይከሽፍና ቢሾፔ በከንቱ ይቀር ነበር። ጂ6 የተሰወረ መንገድ አይደለም፤ ከመሥዋዕቱ በፊት መታየት የነበረበት ዋናው መልስ ነው። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አጠገብ ሰዓት የምጽፍ ሰው ነኝና ለዚያ መሥዋዕት አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳልሰጠሁ ወረቀቱ ይመሰክራል። በተሸነፍኩበት ጨዋታ ግን ድግግሞሹን መስበሬ ትክክል ነበር። የተሸነፍኩት ከዚያ በኋላ፣ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ምክንያት ነው። ብስልስል ይህን ልዩነት አያውቅም። መጨረሻውን አይቶ ወደ ኋላ ይሮጥና ከመጨረሻው ጋር የሚመሳሰል ወንጀለኛ ይፈልጋል፤ ውጤቱ ባማረበት ቦታማ ጭራሽ አይመጣም።

ለዚህ ነው ምርመራዬን እንደ ሥራዬ የማደርገው። ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው በኮድ ነው፤ ከየትኛው ገበሬ ማሳ፣ ከየትኛው ነጋዴ መጋዘን እንደወጣ አይነገረኝም። በምርት ገበያው አሠራር ከመቶው 40ው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለስኒው ነው፤ ለባለቤቱ ስም የተመደበ ነጥብ የለም። ጨዋታዬንም ውጤቱ የተጻፈበትን ጥግ ሸፍኜ ነው የምቀምሰው። በየወሳኙ ቦታ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ያን ጊዜ ምን አየሁ? በነበረኝ ሰዓትና ዕውቀት ምን ማየት እችል ነበር? ያላየሁትን ላለማየቴ ምክንያቱ ምንድን ነው፤ አለማወቅ፣ ችኮላ ወይስ ኩራት? መልሱን በእርሳስ ከጻፍኩ በኋላ ብቻ ስልኬ ላይ ያለውን ስቶክፊሽ የተባለ የቼዝ ኢንጂን እከፍታለሁ።

ብዙ ወጣቶች ከኢንጂኑ ይጀምራሉ። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ካሸነፈ ወዲህ ማሽኑ ከሰው እንደሚበልጥ ማንም አይከራከርም፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ የዓለም ሻምፒዮንን ያስንቃል። ኢንጂኑ የሚነግረኝ ግን በዚያ ቦታ ላይ ከሁሉ የተሻለው እንቅስቃሴ የቱ እንደሆነ ነው። እኔ ልጠየቅበት የሚገባኝ የቱ እንደነበር አይነግረኝም፤ ሊነግረኝም አይችልም። ሃያ እርምጃ ርቆ የተቀበረ ብልሃት ባለማየቴ ራሴን ብገርፍ ግርፋቱ የትሕትና መልክ ያለው ኩራት ይሆናል፤ ሁሉን የማወቅ ግዴታ ነበረብኝ እንደማለት ነውና። ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ መዝጊያ ላይ የሚያስተምረው ነፍስ የምትጠየቀው በአቅሟ ልክ መሆኑን ነው። ጂ6ን ማየት አቅሜ ነበር። ሃያኛው እርምጃ አልነበረም።

ሊቃውንቱ ይህን ሒሳብ ሙሐሰባ ይሉታል። ኢማም ገዛሊ ኢሕያእ በተባለው ሥራቸው ውስጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሰጥተውታል፤ ነፍስን እንደ ንግድ ሸሪክ ቆጥረው፣ አስቀድሞ ውል ማስገባትን፣ በሥራ ሰዓት መከታተልን፣ በኋላ ሒሳብ ማወራረድን በየተራ ያስረዳሉ። ለእኔ እዚያ ውስጥ ትልቁ ነገር ሸሪክ የሚሳሰበው በከሰረ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባተረፈም ጊዜ መዝገቡ ይከፈታል። ትርፉ ከየት እንደመጣ ያላጣራ ነጋዴ የሚከስርበትን ቀን አያውቀውም።

ቼዝና ቀደር (የአላህ ውሳኔ) ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ በዘመኑ የነበረ አንድ ክርክር ዘግቦልናል፦ ሰንጠረዥን (ቼዝን) የፈጠረው ሰው የሰውን ነፃ ፈቃድ የሚያምን ነበር፤ በዳይስ የሚጫወቱትን ነርድን የፈጠረው ደግሞ ሰው በዕጣው ላይ ምንም ሥልጣን የለውም ባይ ነበር የሚል። ንጽጽሩ ያምራል፤ በእውነተኛ ውድድር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ቼዝም ያለ ዳይስ አይደለም። ተማሪው ጂ8ን መምረጡ የእኔ ሥራ አልነበረም። በሰሌዳው ላይ የእኔ የሆነው የእኔ እጅ ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ የተጋጣሚዬ ድንጋጤ ጭምር፣ ከእኔ ውጭ የተወሰነ ነው። ያሸነፍኩበትን ጨዋታ ሙሉ በሙሉ የራሴ አድርጌ ከቆጠርኩ ከቀደር የሰረቅኩት ነገር አለ።

በአገራችን የነበረው ሰንጠረዥ ድል በውጤቱ ብቻ እንደማይለካ ይገነዘብ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት እንደምናነበው፣  ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም። በደር (በሩክ) ወይም በፈረስ ማት ያደረገ ሰው ብዙ አይመሰገንም ነበር፤ በደካሞቹ በፊል (በዛሬው ቢሾፕ ቦታ በሚቆመው) ወይም በመደቅ (በወታደር) የጨረሰ ግን ይሞገስ ነበር። በዙሪያው የተቀመጡት መኳንንት ማን እንዳሸነፈ አይተው አይነሡም ነበር፤ እንዴት እንዳሸነፈ ይመዝኑ ነበር። ዛሬ እኛ አንድ፣ ዜሮ ወይም ግማሽ ነጥብ ጽፈን ወረቀቱን እናጥፋለን።

ከሰሌዳው ወጥተን አገር ላይ ስናየው ጥያቄው ይከብዳል። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። የሸዋው ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1882 እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፉ በኋላ የጊቤ አገሮች ወደ ሸዋ እጅ እንደሚገቡ ግልጽ እየሆነ መጣ። አባ ጅፋር ለምኒልክ መገበርን መረጡ፤ በጅማ የውስጥ አስተዳደራቸውንም እስከ ሞታቸው ጠበቁ። የጎረቤታችን የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መዋጋትን መረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማረኩ፣ መንግሥታቸውም አበቃ። እኛ ጅማዎች ቡና ላይ ስንቀመጥ አንዱን ብልህ፣ ሌላውን ግትር እያልን እንፈርዳለን። ፍርዱ ግን የውጤቱን ጥግ ሳንሸፍን የተሰጠ ነው። ጋኪ ሸሮቾ በእጃቸው የነበረው ምርጫ፣ የአገራቸው ተራራና የሕዝባቸው ክብር በእኛ ሚዛን ላይ አልወጣም። አባ ጅፋርም ቢሆኑ ሃምሳ ዓመት እንደሚቆይላቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ውሳኔያቸው የሚመሰገን ከሆነ የሚመሰገነው በዚያ ቀን በነበራቸው መረጃ ነው።

«እንግዲያ ሁሉም ‹ኒያዬ ጥሩ ነበር› እያለ ሊያመልጥ ነው» አሉኝ ሼኹ ይህን ስነግራቸው። ተገቢ ሥጋት ነው፤ በዚህ በር የሚያመልጥ ሰነፍ አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሚዛን ከውጤት ሚዛን ይከብዳል። በውጤት የሚመዝን ሰው ከጨዋታዎቹ የሚጠየቀው በተሸነፈባቸው ብቻ ነው። በነበረው አቅም የሚመዝን ሰው ግን በሁሉም ይጠየቃል፤ በተጨበጨበለትም ቀን። ደግሞም ማየት መቻል ራሱ የሚገራ ነገር ነው። ጂ6ን አንዴ ካየሁት በኋላ ያንን መሥዋዕት ሳላሰላ ብደግመው አለማወቅ የሚባል መጠለያ የለኝም። ምርመራ የተጠያቂነቴን ወሰን እያሰፋው ይሄዳል እንጂ አያጠብበውም።

ሼኹ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ጀበናው ወደ ሁለተኛው ዙር ሲሄድ አዩና፣ «መቼ ነው ታዲያ የምታቆመው?» አሉኝ። ከሁሉም የተሻለው ጥያቄያቸው ይኸኛው ነበር። የማቆመው ለነገ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው። ከአጋሮው ነጋዴ ጋር ስላደረግሁት ጨዋታ የጻፍኩት፣ ፈረስና ወታደር ሲቀሩ ሰዓት ቀድሞ መቆጠብ እንዳለበት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ «ኖሮ» አዲስ ነገር አያስተምረኝም፤ የሚመኘው ሌላ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ያም የእኔ አይደለም። ሐዲሱ በሩን የዘጋው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም በየውድድሩ አብረውኝ ለሚቀመጡ ወጣቶች የምመክራቸው ምርመራን ካሸነፉበት ጨዋታ እንዲጀምሩ ነው። ሽንፈትን መመርመር ቀላል ነው፤ ሕመሙ ራሱ እየጎተተ ይወስድሃል፤ ሕመም ያለበት ቦታ ደግሞ ብስልስሉም አይርቅም። ድሉን ግን የሚከፍተው ፍላጎት ብቻ ነው። ያሸነፈበትን ጨዋታ ሳያዝንም ሳይኮራም መርምሮ የጨረሰ ሰው ሽንፈቱንም በዚያው ዓይን ማየት ይችላል፤ «የአላህ ውሳኔ ነው» ሲልም ቃሉ ከስንፍና የተለየ ይሆናል፤ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቆጥሮ ለይቶታልና።