ማን አጠፋ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ፣ ጊትላብ በሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የሚሠራ አንድ ኢንጂነር ከዳታቤዝ ጋር ሲታገል አምሽቷል። ሁለት ሰርቨሮች አሉ፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው የዋናው ግልባጭ። ግልባጩ አልሠራ ስላለው ባዶ አድርጎ እንደገና ሊጀምረው አሰበና የመሰረዣውን ትዕዛዝ ጻፈ። ወዲያው ክው አለ፤ ትዕዛዙን የሰጠው ለዋናው ሰርቨር ኖሯል። በፍጥነት ቢያስቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር።

ኩባንያው አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበረው፤ በስም። ሲፈተሽ አንዱም በወጉ አይሠራም። የዕለቱን ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ስሪት ጋር ባለመጣጣሙ ከሽፎ ከርሟል፤ መክሸፉን የሚያስታውቀው ኢሜይልም በመንገድ ተመልሶ ማንም አላየውም። በመጨረሻ ኩባንያውን ያወጣው፣ ያው ኢንጂነር ከስድስት ሰዓታት ገደማ አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያስቀረው ቅጂ ነው። ያጠፋውም ያተረፈውም አንድ እጅ ሆነ። ጊትላብ ታሪኩን ከነገመናው ለሕዝብ ሲያወጣ ሰውየውን የጠራው “የቡድን አባል 1” ብሎ ነበር።

በአማርኛ “አጠፋ” የሚለው ግስ ብዙ ይሸከማል። ፋይል ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰውም ያጠፋል። የደረሰው ውድመት ጥፋት ነው፤ የሰውየው በደልም ጥፋት ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው “ማን አጠፋ?” የሆነው ለዚህም ይሆናል። ጥያቄው ስም ይፈልጋል። የጥንቱ አውጫጭኝም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ የሚይዝ ሥርዓት ነበር። ለከብት ሌባ ይሠራ ይሆናል። ለሶፍትዌር ግን ስም ተገኝቶ ጉባኤው ሲበተን ያልሠራው መጠባበቂያ እንዳለ ይቀራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ካላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡ፣ ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ በቅርንጫፎች ደጃፍ ተለጠፈ። ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፤ የሲስተሙ ፎቶ ግን የትም አልተለጠፈም።

“ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም” የሚለው ተረት በሽምግልና ላይ ይሰማል፤ ማስታረቂያ ነው። እንደ ምሕንድስና ምክር ቢወሰድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። እንጨት እንደሚጨስ የሚያውቅ ሰው እንጨቱን ሲቆጣ አይውልም፤ ለማድቤቱ ጭስ መውጫ ያበጃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያደረገው ይህንኑ ነው። የቢ-17 አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ የሰበሰቡ መስሏቸው ጎማውን እየሰበሰቡ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። ቻፓኒስ ኮክፒቱን ሲያይ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ተመሳስለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ሽብልቅ የመሰለ ቅርጽ እንዲደረግ አሰበ፤ አብራሪው በጨለማም ዳብሶ ይለያቸዋል። አሠራሩ ዛሬም በአውሮፕላኖች ላይ አለ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላው ቀደም ብሎ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ 189 ሰዎች ይዞ ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ገብቷል። በሁለቱም ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሚለካ አንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ ቁጥር አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ ነበር። በ302 ላይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ይላል። ኤምካስ የሰማው የግራውን ብቻ ነው።

“ማን አጠፋ?” ወዲያው ተነሳ። አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ይወጡት ነበር የሚል ቃል ተናገረ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ መመሪያውን መከተላቸውን ገለጸ፤ የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ ድርሻ በበቂ አልተፈተሸም አሉ። ሀድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን ያሳረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር ግን ሁኔታውን በሲሙሌተር ሞክሮ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀም አብራሪዎቹ ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያልቅባቸው እንደሚችል ማየቱን ለኮንግረስ መስክሯል። ጀግና አብራሪ ካልተገኘ የማይሠራ ሲስተም ሲጀመርም የተበላሸ ነው።

ከባዱ ነገር እውነቱን ከተሳሳተው ሰው አፍ መስማት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 የቲደብልዩኤ በረራ 514 ዋሽንግተን አቅራቢያ ተራራ ላይ ተከስክሶ 92 ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ ለጥቂት ተርፈው ለኩባንያቸው ተናግረዋል፤ ሌላው ግን አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ1976 የምስጢር ሪፖርት ሥርዓት ሲቋቋም ተቀባዩ ናሳ ሆነ፤ ሰሚው ራሱ ቀጪው እንዳይሆን ነው። የተናጋሪው ስም ይፋቃል፤ ሳያስበው ለፈጸመው ስህተትም ቅጣት ይቀርለታል። ለኦርቶዶክስ ምእመን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የነፍስ አባት ቀኖና ይሰጣል እንጂ የሰማውን ለዳኛ አያቀብልም፤ ቢያቀብል ኖሮ ማን ይናዘዝ ነበር?

ልጁን የቀበረ ሰው ይህን ሲሰማ ቢቆጣ እውነት አለው። የሳተ እጅና እያወቀ የደበቀ አፍ አንድ አይደሉም፤ የናሳው ሥርዓትም ወንጀልንና አደጋን አይሸፍንም። ቦይንግ ስለ ኤምካስ ተቆጣጣሪዎችን አታልሏል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በግለሰብ ደረጃ በወንጀል የተከሰሰው ግን አንድ የቀድሞ አብራሪው ብቻ ነበር፤ በ2022 ነፃ ወጣ።

ማክስ ዳግም እንዲበር በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ሲፈቀድ ኤምካስ ተለውጧል። ሁለቱን ሴንሰሮች ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ ሥራ አይጀምርም። ሁለተኛው ሴንሰር አዲስ የተጨመረ አይደለም፤ ቢሾፍቱ በወደቀው አውሮፕላን ላይም ነበር።