«አብሽሪ» ማለት ይገባኛልን?

ምድር እንደምትንቀሳቀስ የሚያስተምር አባት ልጁን «አብሽሪ፣ ምንም አይመጣም» ብሎ ማስተኛት ይገባዋልን? እናቷ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ልጄን ብቻዬን አሳድጋለሁ፤ እንጀራዬ በዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ማስተማር ነው። መስክ ስወጣ የምተዋት ሰንበቴ፣ እናቴ ዘንድ ነው። እዚያ ሳድርም ማታ ማታ የምላት ይህንኑ ነው። ቃሌ መሠረት አለው ወይስ የለውም?

መጀመሪያ ቦታውን ልመርምር። እሁድ እሁድ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ የሚገበያይባት ሰንበቴ ከደጋው ሥር፣ ቆላው ላይ የተቀመጠችው ምድሩ ስለወረደ ነው። በስተምዕራብ ያለው ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተደራረበ ነው። የአፋር ምድር ከደጋው እየተላቀቀ ሲወርድ ጠርዙ ተሰነጣጠቀ፤ ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳና የቦርከና ሸለቆ የዚያ ስንጥቅ ውጤት ናቸው። ስንጥቁም አላበቃም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አወደመ፤ በካራቆሬ ብዙ ቤት ጣለ፤ የደሴን መንገድ ሰነጠቀ። ካራቆሬ ከሰንበቴ ሩቅ አይደለችም።

እንዲህ ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ፦ ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ልጄ በዚያው ዓመት ከዚያ አሥር እጥፍ ታድጋለች። ይህን ያህል የሚያዘግም ነገር የአንድ ልጅን ዕድሜ የሚነካው ስንት ጊዜ ነው? እንግዲያስ «አብሽሪ» ማለት ሐሰት አይደለም። ግን አልረካሁም። ምድር ያንን 5 ሚሊ ሜትር በየዓመቱ አትጨርሰውም፤ ታጠራቅመዋለች፤ ከዚያ በአንድ ሌሊት ትለቀዋለች። እምብዛም አይደርስም ማለት አይደርስም ማለት አይደለም።

መንቀጥቀጡ ይመጣ ይሆን ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «አላህ ያውቃል» አለችኝ፤ ቡናዋን መቁላቷን አላቋረጠችም። ከጥያቄው መሸሽ መስሎኝ ነበር። እኔስ ከዚያ የተሻለ ምን አለኝ? ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ የሚናገር ሳይንስ የለም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ማግማ መሬቱን እየሰነጠቀ ሲገፋ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ሲለቅ፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ለሚለን ሁሉ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረንም። ቀኑን ባለማወቅ እኔና እናቴ እኩል ነን። እኔ ግን ቦታውን አውቃለሁ፤ የሚገድለውንም አውቃለሁ። በመንቀጥቀጥ ሰው የሚሞተው ባብዛኛው ቤቱ ሲናድበት ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲናጥ ይበተናል፤ በደንብ የተማገረ የእንጨት ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይናድም። ይህን እያወቅሁ የልጄን አልጋ ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ብተወው፣ «አላህ ያውቃል» ለእናቴ እምነት፣ ለእኔ ግን ስንፍና ይሆንብኛል። አልጋውን አዛወርኩት።

ከዚያ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። ምድር አንድ ቀን ትንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ያኔ ከግድግዳ ራቂ፣ ራስሽን ሸፍኚ አልኳት። የምትፈራ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አባዬ፣ ያኔ አንተ የት ነህ?» አለች።

ስለ ምድር ስመራመር የቆየሁበትን ጥያቄ እሷ በአንድ አፍታ ወደ እኔ አዞረችው። ለካ ማታ ማታ የሚያስተኛት የምድሩ ጸጥታ ሳይሆን የእኔ ድምፅ ነበር።

ያን ጊዜ ፒየር ጉዋን ትዝ አሉኝ። ካናዳዊ ናቸው፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት፣ የካራቆሬንም መንቀጥቀጥ ያጠኑት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ደጅ ደጁን የሚያይ ልጅ ለሌለው ሰው ብቻ የተሰጠ ይሆን? መልሱ አዎ ከሆነ ወይ ሙያዬን ወይ ልጄን እየበደልኩ ነው። ግን በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪቃ ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ የተሠራው ከምን እንደሆነ ሳስብ ሐሳቤ ተለወጠ። ዜና መዋዕል የጻፈ፣ መንገደኛ ሆኖ ያለፈ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ብዙ ሰው ያየው እዚያ ተለቅሟል። እውቀቱ የብዙ ዓይን ከሆነ እያንዳንዱ ዓይን ሁሉም ቦታ መገኘት የለበትም።

ስለዚህ ወሰንኩ። ካራቆሬና ቦርከና ጠዋት ወጥቼ ማታ የምመለስባቸው ናቸው፤ እነሱን ይዣለሁ። የአፋርን ውስጥ ትቻለሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ የተከፈተው ስፋት እስከ 8 ሜትር ደረሰ። አህጉር ሲከፈል በዓይን የሚታይበት እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ከአገሬ ሳልወጣ ልደርስበት የምችለውን ሥራ ለሌሎች ሰጥቻለሁ። ይቆጨኛል።

አንድ ጥርጣሬ ግን ቀረኝ። ዳባሁን ስለ እሷ ብዬ መተዌን ልጄ አታውቅም። ብታውቅ ሸክም ይሆንባታል ብዬ ዝም አልኩ። ስለ ምድሩ እውነቱን ልንገራት ብዬ የተነሣሁ ሰው ስለ ራሴ ለምን እደብቃለሁ? ስታድግ እነግራታለሁ ብያለሁ። ስታድግ ማለት መቼ እንደሆነ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም።