የፎገራ ጭቃና የከዋክብት እሳት

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ የሚጠግነው ጎረቤቴ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሲያስነካ ቦግ የሚለው ብርሃን ፕላዝማ ነው፤ ጋዙ ከመጋሉ የተነሳ አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ጥለዋል። ፀሐይም ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። ከሚታየው ፍጥረት አብዛኛው ይኸው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል፣ ሩዛችን፣ ሥጋችን ከዚያ አንጻር ኢምንት ናቸው።

ታዲያ ሰው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ይሉናል። ፊዚክስ ባስተምርም ይህን አልጥለውም፤ ብዛት የክብር መለኪያ አይመስለኝም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ላንሳ። መስከረም 16 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በደመራችን ዕለት፣ አሜሪካ ዶውን የተባለችውን መንኮራኩር አመጠቀች። ሞተሯ ዜኖን የተባለውን ጋዝ ፕላዝማ ያደርግና አዮኖቹን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኋላ ይወረውራል። ግፊቱ መዳፍ ላይ ያረፈ አንድ ወረቀት ያህል ነው። በዚያችው ግፊት ለዓመታት ተጉዛ በ2003 ቬስታ፣ በ2007 ሴሬስ ወደተባሉት የጠፈር አካላት ደረሰች።

ያንን እሳት አስቦ የገራው ከጭቃ የተበጀ ፍጡር ነው። ኮከብ አያስብም። ፈጣሪ ማሰብን ለጭቃው ለምን እንደ ሰጠ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም የሚያስቡት መላእክት በእሳት እንደሚመሰሉ አስታወሱኝ። ጥያቄዬ ባሰበት።