የወደቀው ፈረሰኛ
(ስለ ጨዋታና ስለ እውነት)

ለዓይን የቀረበ ነገር ሁሉ ለልብ የተገለጸ አይደለም። ሰው በአደባባይ ሲወድቅ ስናይ መውደቁን እናያለን እንጂ፥ ፈቅዶ ይሁን ሳይፈቅድ የወደቀው አናይም። ይህ ጥያቄ ትርኢት ለሚመለከት ሰው ሁሉ የቀረበ ቢሆንም፥ እኛ አጥብቀን ያሰብንበት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንጅባራ ሜዳ በፈረሰኞች በዓል ላይ ቆመን ሳለ ነው።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከአርበኞች ጋራ የዋሉትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው። በአዊ ምድር ፈረስ ያርሳል፥ ይጭናል፥ ሙሽራ ያጅባል፥ ለቅሶም ይደርሳል። ስለዚህ በዚያ ቀን ከዳንግላም፥ ከባንጃም፥ ከአንከሻም የሚመጣው ፈረሰኛ ፈረሱን በቀለም ልዩ ልዩ በሆነ ጌጥ አስጊጦ ሲመጣ፥ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ውለታን ለመክፈልም ጭምር ነው።

በሽምጡ መካከል አንድ ጐልማሳ ፈረሰኛ ከኮርቻው ዘንበል ብሎ፥ በመሬት ላይ የተጣለ መቀነት ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ነገር ግን መቀነቱን ሳይነካ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜም ተንከባለለ። ሕዝቡ ሜዳውን በእልልታና በጭብጨባ አናወጠው። ከአጠገባችን ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ‹‹አውቆ ነው፤ አሁን ብድግ ይላል›› አለ። ሁለተኛው ‹‹የለም፥ እውነት ወድቆ ነው›› ሲል ተከራከረው። እኛም፥ ኀፍረታችንን ሳንሸሽግ እንናገር ዘንድ፥ ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ክርክሩን እናዳምጥ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ ወደቀው ሰው መሮጥ ጀመሩ። የፊተኛው ወጣት ‹‹አባቴ፥ ይተዉት፥ ጨዋታ ነው!›› ቢላቸው፥ ዘወር ሳይሉ ‹‹ልጄ፥ ፈረሱን እየው!›› ብለው መለሱለት።

ፈረሱን አየነው። ኮርቻው ወደ ጐኑ ዞሮ፥ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ኮርቻውን የያዘው ጠፍር ላልቶ ኖሯል። ፈረሰኛውም ትከሻው ወልቆ ተገኘ። በኋላ እንደ ነገረን፥ መዘንበሉን አስቦበታል፤ መውደቁን ግን አላሰበውም። እንግዲህ ሁለቱም ወጣቶች እኩሌታውን እውነት ይዘው ነበር ማለት ነው።

በዛሬው ጊዜ ተማሪዎቻችን ይህንኑ ክርክር በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ እንሰማለን። ሬስሊንግ የሚባለውን የባሕር ማዶ ትግል አይተው ‹‹ውሸት ነው››፥ ‹‹እውነት ነው›› ይባባላሉ። ለጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል መልሱ ከተሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአሜሪካ ትልቁ የዚህ ትግል ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በኒው ጀርሲ ምክር ቤት ፊት፥ ሥራው አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅ ትርኢት እንጂ እውነተኛ የስፖርት ውድድር አለመሆኑን አስታውቋል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ጥያቄውን ጨርሶ አልዘጋውም። በሰኔ 1990 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ሚክ ፎሊ የተባለው ታጋይ ከአምስት ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የብረት ቤት ጣራ ላይ ተወረወረ፤ ይህ የታሰበ ነበር። ተመልሶ በወጣ ጊዜ ግን የጣራው ብረት ሳይታሰብ ከሥሩ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ራሱንም ሳተ። በአንድ ምሽት፥ በአንድ ሰው ላይ፥ የተዘጋጀው ውድቀትና ያልተዘጋጀው ውድቀት ተከታትለው መጡ፤ ተመልካቹም ሁለቱን መለየት አልቻለም።

ከዚህ የከፋው የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ ኦዌን ሃርት የተባለው ታጋይ በገመድ ታስሮ ከአዳራሹ ጣራ ወደ መታገያው ሲወርድ፥ ማሰሪያው ያለ ጊዜው ተፈትቶ ከሃያ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደቀና ሞተ። ከተመልካቾቹ ብዙዎች የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ነበር። በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ሰው ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን ደጋግሞ መናገር አስፈለገው። ትርኢቱም ከዚያ በኋላ ቀጠለ።

እንግዲህ ከነዚህ ነገሮች የምንማረው ምንድን ነው? አስቀድመን፥ ‹‹የታሰበ ነው›› ማለትና ‹‹ውሸት ነው›› ማለት አንድ አለመሆኑን እናስተውል። አሳብ ሊያስመስል ይችላል፤ አጥንት ግን ማስመሰል አያውቅም። መሬትም የወደቀባት ሰው ተጫዋች ይሁን ተዋጊ አትጠይቅም። ፈረስም እንዲሁ ነው፤ ጌታው ለጨዋታ ቢጋልበው፥ እርሱ የሚጋልበው በእውነት ነው። ሽማግሌው ‹‹ፈረሱን እየው›› ያሉት፥ በሜዳው ላይ ማስመሰል የማይችለው ምስክር እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ምናልባት ‹‹ማስመሰል ሁሉ ክፉ ነውና ይቅር›› የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው፥ የአቴና ሕግ አውጪ ሶሎን የቴስፒስን ቴአትር ካየ በኋላ ‹‹በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስትዋሽ አታፍርምን?›› ብሎ ጠየቀው። ቴስፒስም ጨዋታ እስከ ሆነ ድረስ ጉዳት እንደሌለው ቢመልስለት፥ ሶሎን በትሩን ወደ መሬት ወግቶ፥ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ብናከብር አንድ ቀን በውላችን ውስጥ እናገኘዋለን አለው።

እኛ በዚህ ነገር ከሶሎን ጋራ በሙሉ አንስማማም። ጉግስ ራሱ የጦርነት ማስመሰል ነው፤ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረወራል፥ በጠላት ፈንታ ወዳጅ ጋሻውን ይመክታል። ይህ ጨዋታ ማንንም አያታልልም፤ ወርዋሪውም፥ መካቹም፥ ተመልካቹም ውሉን ያውቃሉና። እንዲያውም የአባቶችን ጀግንነት ለልጆች የሚያስተምረው ይኸው ማስመሰል ነው። ማታለል የሚጀምረው ተመልካቹ ውሉን ሳያውቅ፥ ቢያውቅ ኖሮ የማይሰጠውን ሲወስዱበት ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን፥ ምስጋናውን፥ ከሁሉም በላይ ርኅራኄውን ነው። በሐሰት ወድቆ ርኅራኄያችንን የሚወስድ ሰው የሚበድለው እኛን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በእውነት የሚወድቀውን ጭምር ነው። ‹‹ጅብ መጣ›› እያለ በሐሰት የሚጮኽ እረኛ በጎቹን የሚያስበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶሎን ስለ ውል የተናገረው ግን እውነት ነው። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ብቻ የሚጠረግ ቢሮ፥ መርማሪ ሲገባ መልሱን አስቀድመው ያጠኑ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያነሡበት ክፍል፥ ሥራው ሳይሠራ የተጻፈ የሥራ መግለጫ፥ እነዚህ ሁሉ ከሜዳ ወጥተው ወደ መዝገብ የገቡ ትርኢቶች ናቸው። በሜዳ ላይ ያለው ፈረሰኛ ቢያስመስል ትከሻው ይከፍላል፤ በመዝገብ ላይ ለሚያስመስል ሹም ግን የሚከፍልለት ሌላ ሰው ነው። ‹‹ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል›› ይባላልና፥ ውሎ አድሮ መቅለሉ አይቀርም፤ እስኪቀል ድረስ ግን ብዙ ሰው ይራባል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የወደቀ ሰው ስናይ፥ እውነቱንና ማስመሰሉን ለመለየት ጊዜ ሳይኖረን ምን እናድርግ? ነገሩን በሚዛን ብናየው መልሱ ከባድ አይደለም። ሮጠን ደርሰን ጨዋታ ሆኖ ብናገኘው፥ የምናጣው ጥቂት እርምጃና ጥቂት ክብር ነው፤ ሰውም ይስቅብናል። ቆመን ስንከራከር እውነት ሆኖ ቢገኝ ግን፥ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ በተጠራጠርን ጊዜ አስቀድመን እንድረስ፤ ጥያቄውን በኋላ እንጠይቅ። አስመስሎ ከሆነ ወቀሳውም ቢሆን የሚቀርበው ሰውየው ከተነሣ በኋላ ነው።

አበው ‹‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም›› ይላሉ። ዕውቀትም እንደዚሁ ነው፤ እውነትንና ትርኢትን መለየት ማወቃችን ወደ ሜዳው ያደርሰናል፥ የወደቀውን ግን አያነሣልንም። በእንጅባራ ሜዳ ከእኛ መካከል ብዙ የተማረ ሰው ነበር፤ የሮጡት ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ፥ ሰው ወደቀ ሲባል፥ ዓይናችንን አስቀድመን ወደ ፈረሱ፥ እግራችንን ደግሞ ወደ ሰውየው እናቀና ዘንድ ለራሳችን ቃል ገብተናል።