«ጀምሬዋለሁ» ስንል



ባለፈው ዓመት አንድ የማኅበራችን ወጣት ለሥራ ልምምድ የሚያስገባውን ማመልከቻ እንዳይለት ላከልኝ። በመሥሪያ ቤቴ ሁለት የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ይዤ ነበር። እምቢ ማለት ከበደኝና «ችግር የለም» አልኩት። ፋይሉን አራት ቀን ከፈትኩት፤ አራቱንም ቀን የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳልጨርስ ሌላ ሥራ ጠራኝ። «የት ደረስክ ወንድሜ?» ሲለኝ «ጀምሬዋለሁ» እለው ነበር። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን እኔን ሲጠብቅ የማስገቢያው ቀን አለፈበት።

«አውፍ በለኝ» አልኩት፤ አውፍ አለኝ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ለሁሉም እሺ ብሎ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ መሥራት ደግነት ነው ወይስ በሰው ጊዜ መጫወት?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ቀን የሚፈጅ ሥራ ሰጡህ እንበል። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ብትሄድ በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ቀን ታስረክባለህ። ማንም እንዳይከፋው ብለህ በየቀኑ ብታፈራርቃቸው ግን የምታስረክበው በ28ኛው፣ በ29ኛውና በ30ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ሰው 18 ቀን ተጨማሪ ጠበቀ፣ ሁለተኛው 9 ቀን፤ ሦስተኛውም ያገኘው ጥቅም የለም። እኩል ያስተናገድካቸው ይመስላል፤ በተግባር ግን ማንንም ሳትጠቅም ሁለቱን ጎዳህ።

ይህ ሒሳብ ደግሞ ከሥራ ወደ ሥራ መቀያየር ምንም ዋጋ እንደሌለው አድርጎ የተሠራ ነው። እውነታው ከዚህ ይብሳል። ኮምፒውተር ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዞር የነበረበትን ቦታ መዝግቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚረሳው ነገር የለም። ለእሱም ቢሆን መዞሩ ጊዜ ይበላል። ብዙ ፕሮግራም ከፍተህ ማስታወሻው ከጠበበው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ዕቃ በማመላለስ ነው። የሰው አእምሮ ደግሞ እንደ ኮምፒውተሩ መዝግቦ አይሄድም። ሶፊ ለሮይ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንሻገር የሐሳባችን ክፍል እዚያው የተውነው ሥራ ላይ ይቀራል። አዲሱን ሥራ የምንይዘው በጎደለ ልብ ነው።

«እናቶቻችንስ? ወጡን ጥደው፣ ቡናውን ቆልተው፣ ልጁን ያስጠኑ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን በደንብ እንየው። ወጡ እሳት ላይ ሆኖ የሚበስለው በራሱ ነው። ቡናው እየተቆላ ግን እናት ዓይኗን ከምጣዱ አታነሳም፤ ካነሳች ያርራል። እሷ የምታውቀው የትኛው ሥራ በራሱ እንደሚሄድ፣ የትኛው ደግሞ እሷን እንደሚፈልግ ነው። ማመልከቻ ማረም፣ ኮድ መጻፍ፣ ለፈተና ማጥናት ሁሉም ቡና መቁላት ናቸው።

ሁልጊዜ ሥራ አቋርጦ መነሳት ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ከአንተ የ5 ደቂቃ መልስ አጥተው ሦስት ሰዎች ሥራ ከፈቱ ተነስተህ መመለስ ይገባሃል። የታመመ ሰው ከጠራህም ፕሮጀክቱ ይጠብቃል። ልዩነቱ አውቀህ መወሰንህ ነው። የእኔ ጥፋት ግን ውሳኔ አልነበረም። የመጨረሻ የጠራኝን ሁሉ እከተል ነበር፤ ዝም ብሎ የጠበቀኝ ሰው ደግሞ በዝምታው ተቀጣ።

አሁን የሚመስለኝ ይህ ነው፦ እሺ ስንል የሰውን ጊዜ በአማና ተቀብለናል። «ጀምሬዋለሁ» የሚለው ቃል ሰውዬው ሌላ ረዳት እንዳይፈልግ ያስረዋል። «ገና አልጀመርኩም፤ ማክሰኞ እይዘዋለሁ» ያኔ ቢከብድም ነፃ ያወጣዋል። ያ ወጣት እውነቱን በጊዜ ቢሰማ ኖሮ ሌላ ሰው ባገኘ ነበር።

እኛ ውጭ አገር ያደግን ልጆች «ኢንሻአላህ» የሚለውን ቃል የ«አይሆንም» ጨዋ ስም አድርገን እንቀልድበታለን። ቃሉ ግን እንዲህ ሊቀልል አይገባውም። በሚቀጥለው ጊዜ «ኢንሻአላህ» ስንል ቀኑን እንጨምርበት፤ ቀኑ ሲደርስም ሌላውን መስኮት ሁሉ እንዝጋ።