ስምሽን ለዕጩነት ከመስጠትሽ በፊት

ልጄ፣ አባትሽ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብሎ እንደተቆጣሽ ሰማሁ። በወጣትነቱ ያየውን ስለማውቅ አልፈርድበትም። አንቺ ግን ተወልደሽ ያደግሽው ጀርመን ነው፤ የገባሽበትም ፓርቲ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ነው። እንግዲህ ለምክር ቤት ከመወዳደርሽ በፊት የፓርቲሽን የቀድሞ መሪ የአውጉስት ቤብልን ሕይወት በደንብ እወቂ።

ቤብል እ.ኤ.አ. በ1840 የተወለደ የወታደር ልጅ ነው፤ ገና በ13 ዓመቱ እናትም አባትም አልነበረውም። የቶርኖ ሥራ ተምሮ ላይፕዚግ ከተማ ወርክሾፕ ከፈተ፤ ከጎሽ ቀንድ የበር እጀታ እያወጣ ይሸጥ ነበር። በ1867 ምክር ቤት ገባ። ጥቂት ጊዜ ከመቋረጡ በቀር እስከ ሞተበት እስከ 1913 ድረስ አገለገለ።

ሰው የሚያነሣው ንግግሩን ነው፤ እኔ የማከብርለት ግን ሞያውን ይዞ መግባቱን ነው። ያኔ ራይሽስታግ የሚባለው ምክር ቤት ለአባላቱ ደመወዝ አይከፍልም ነበር፤ አበል የተጀመረው በ1906 ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ስንቱን ጨዋ ልጅ አበላሽቷል! ከልብሽ አውጪው። እንጀራው በወንበሩ ላይ ያለ ሰው እጁን የሚያነሣው ከሆዱ ጋር ተማክሮ ነው።

በ1870 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲነሣ አገሩ በሙሉ ይፎክር ነበር። የጦርነቱ ብድር ለድምፅ ሲቀርብ ቤብልና ጓደኛው ቪልሄልም ሊብክኔኽት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ከወራት በኋላ ሌላ ብድር ሲጠየቅ ጭራሽ ተቃወሙ። በ1872 በአገር ክህደት ተከሰው የሁለት ሁለት ዓመት የምሽግ እስራት ተፈረደባቸው። ቤብል ንጉሡን ሰድቧል ተብሎ ዘጠኝ ወር ተጨመረበት፤ ወንበሩንም ተቀማ። ለባዶው ወንበር ምርጫ ሲጠራ፣ አብዛኞቹ ሸማኔ የሆኑ የሳክሶኒ መራጮች ያንኑ እስረኛ ከቀድሞው በሚበልጥ ድምፅ መልሰው መረጡት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኼ ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘነጊ። እሱ በታሰረ ጊዜ ወርክሾፑን ያቆመችው ሚስቱ ዩልየ ናት። ባልሽን ሳታማክሪ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝልሽ ሳታውቂ አንዲት ወረቀት እንዳትፈርሚ።

መቸኮልም አያስፈልግም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቤብል ስለ ሴቶች ነፃነት መጽሐፍ የጻፈው በ1879 ነው፤ ፓርቲው በ1895 ሴቶች ይምረጡ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ተሸነፈ። የጀርመን ሴቶች ለብሔራዊ ምክር ቤት የመረጡት በጥር 1919 ነው፤ እሱ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። አንቺ ዛሬ ዕጩ ልሁን የምትዪው እሱ ተሸንፎበት በተመለሰው ጉዳይ ነው። ደግሞም ቤብል ከ1904 ጀምሮ የጀርመን ጦር በዛሬዋ ናሚቢያ በሄሬሮ ሕዝብ ላይ የሠራውን ግፍ በዚያው ምክር ቤት ቆሞ አውግዟል። ይህን ሳነብ፣ በማያውቃቸው የአፍሪካ ልጆች ጉዳይ በመናገሩ ልቤ ተነክቷል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በ1867 በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች በ1912 110 ወንበር ይዘው ትልቁ ፓርቲ ሆኑ።

ስለዚህ ተወዳደሪ። የነርስነት ሞያሽን እንዳትረሺ ግን በወር ጥቂት ፈረቃም ቢሆን ያዢ። በድምፅ ቀን ህሊናሽ እምቢ ካለሽ፣ ለፓርቲው አለቆች አስቀድመሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው እንጂ በጓሮ አታሚያቸው። የአባትሽን ነገር ለእኔ ተዪልኝ፤ ለፋሲካ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።