ላልታመነ በደል ይቅርታ አለ ወይ?

እህቶቼ፣ ከመካከላችን አንዷ ተቃጥላ ስትመጣ «በቃ ተይው፣ ይቅር በያቸው» እንላታለን። እነሱ ግን «እኛ አልነካናትም» ነው የሚሉት። እስቲ ንገሩኝ፣ አላደረግሁም ያለ ሰው ምኑን ነው ይቅር የሚባለው?

ጥያቄው የአያቶቻችንም ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተከዜ ላይ በአውሮፕላን መርዝ ጣለ። የመርዝ ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ክፋቱ፣ ሲነካ ወዲያው አያምም። ልብስ አልፎ ይገባል፤ በባዶ እግሩ ሣሩን የረገጠውንም አይምርም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ከዚያ ውሃ ቋጥሮ ይላጣል። ዓይን ያብጣል። ማርከሻ የለውም። ሰውየው መቃጠሉን ሲያውቅ አውሮፕላኑ ሄዷል፤ ለመካድ እንዴት እንደሚመች አያችሁ?

ማርሴል ጁኖ የተባለ የቀይ መስቀል ሐኪም ቆረም አጠገብ የተላጡትን አይቶ፣ «አቤት» እያሉ ሲያቃስቱ መስማቱን ጽፏል። አቤት! ስንጠራም አቤት፣ ስንበደልም አቤት። ሰው አቤት የሚለው የሚሰማ አለ ብሎ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሡ ጄኔቭ ላይ ስለዚሁ መርዝ ሊናገሩ ሲቆሙ ግን የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው።

በዚያ ጦርነት የዘመተው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ጋዝ አልነበረም እያለ የታሪክ ጸሐፊውን አንጄሎ ዴል ቦካን ለዓመታት ተከራከረው። እሱ እንኳ በዓይኑ ላያይ ይችላል። ግን ያላየ ሰው «አላየሁም» ይላል እንጂ «አልነበረም» ይላል እንዴ?

እኔ እንደሚመስለኝ ቂም መተውና ይቅርታ አንድ አይደሉም። ቂሙን ለራሷ እንቅልፍ ስትል ብቻዋን መተው ትችላለች፣ መብቷ ነው። ይቅርታ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። በአገራችን ሽምግልና እኮ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ተበዳይ ይቅር የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ የተቃጠለችውን እህታችንን ይቅር በይ ብለን ባንቸኩላትስ? ቁስሉን አይተን፣ ቀኑን ጽፈን፣ አዎ አይተናል ብንላትስ?

የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር መርዙን መጠቀማቸውን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ በእኛ 1988። ተከዜ ላይ የሃያ ዓመት ልጅ የነበረ ወታደር፣ በሕይወት ከቆየ፣ ያን ጊዜ ሰማንያ ሞልቶታል። ማን ሄዶ ነግሮት ይሆን?